አፈ ጠባብ ጋን

ያባቴ እስትንፋስ ነው፣ የማውቀው ወይን ጠጅ፤
ሌሊት ሲመጣ ቤት፣ ሲንገዳገድ በደጅ፣
ጫማው ባንድ እግሩ ላይ፣ ሌላው ከሱ አምልጦ፣
ደመወዙን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ።
በፖቲ ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ነበር፣
ሴቬሪያን ስሙ፤ ብርጭቆ ሲሰበር
ነው ሌሊት የነጋው በኛ ቤት፣ ሁልጊዜ፤
እናቴ ጠረገች ስባሪና ትካዜ።

ወይንን ጠላሁት፣ ከነሐረግ ግንዱ።
ዕድል ግን ቀልደኛ፣ ጠማማ መንገዱ፣
ካኬቲ ዳረኝ፣ ከአላዛኒ ማዶ፣
ከጓሮው አፈር ሥር፣ እስካንገቱ ወርዶ
ጋን ከሚኖርበት፤ እንደ ሰው፣ በስሙ
ከሚጠራበት ቤት፣ ከሚጠየቅ ሕመሙ።

አማቴ ፔላጊያ፣ ሳፔራቪ ወይን
ጥርሷን ያጠቆረው፣ ያጠራላት ግን ዓይን፣
ከእግር እስከ ራሴ ለክታኝ ስታበቃ
"ልጆቼ" አለችኝ፣
"ትከሻቸው በሬ፣ የጋን አፍ አያልፍ፤
አንቺ ጠጠር ነሽ፣
ጋን በጠጠር እንጂ በጋን አይደገፍ።"
የቼሪ ልጥ ብሩሽ፣ አንድ ሻማ፣ ገመድ።
"መጀመሪያ ሻማው። ከጠፋ አትወርጂም፤
ወይኑ ባይኖር እንኳ፣ ትንፋሹ ይገድላል።"
ይህንስ፣ አልኩ በልቤ፣ አስተማሪ አያሻኝም።

ሻማው አልጠፋም።
ወረድኩ።

የጋን ውስጥ መብራት ለማን ያበራል ይባላል፤
ለኔ አበራ።
ግድግዳው በሰም የተወለወለ፣ ላብ ያወጣ፣
ያለፈው ዓመት ወይን ሄዷል፤ ሽታው ግን አልወጣ።
አንድ ሰዓት ስፍቅ፣ የደረቀ ኮክ፤
ሌላ ሰዓት ስፍቅ፣ ዝናብ የነካው ጠጠር፤
ከታች፣ ጋኑ እንደ ዕንቁላል ከሚሾልበት፣ ስም የሌለው ነገር።
ብፈልግ፣ ባነፈንፍ፣
ያባቴ ሽታ ግን አንድም ቦታ አልነበር።

ጮክ ብዬ ጠራሁት። ሴቬሪያን!
ጋኑ መለሰልኝ፣ ድምፄን አለስልሶ፣
ቁጣውን አጣርቶ፣ ጠርዙን ቀናንሶ፤
አባቷ መንገድ ላይ የቀረባት ሕፃን የምትጣራ መሰለኝ።
"ማን አለ ከታች?" አለች ፔላጊያ ከላይ።
"ማንም። ውሃ ላኪልኝ።"

በመስከረም ለቀምን። ረገጥን። ፈላ።
ጆሮዬን አፉ ላይ ጥዬ አዳመጥኩት፣
ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያጉረመርም ነበር።
በድንጋይ ከደንነው፣ በጭቃ መረግነው፣
በረዶ ወረደበት፤ ረሳሁት ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ ተከፈተ።
በቅል ቀዳችልኝ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ።
"እንዳትውጪው ቶሎ፤ እንግዳ ነው አፍሽ ውስጥ፣ ወንበር ስጪው፣
ከየት መጣህ በዪው፣ ሳይመልስ አትሸኚው።"

መጀመሪያ አኮረፈኝ፤ እንደ ሮማን ልጣጭ ድዴን አጨማደደው።
ከዚያ መረረኝ።
ጣፈጠኝ አልልም፤ አማቴ ፊት መዋሸት አይቻልም።
ሊሄድ ከተነሳ በኋላ ነው፣ በሩን ይዞ፣ ዞር ብሎ
(እንግዳ ቁም ነገሩን ደጃፍ ላይ ነው የሚያነሳው)
ኮኩን አለ። ዝናቡን አለ። ጠጠሩን።
ቤቱንማ አውቀው ነበር፣ በጉልበቴ ዳክሬ የፋቅሁት፤
ባለቤቱ ገና አሁን መግባቱ ነው።

"ልድገምሽ?" አለች።
"ቆይ" አልኳት፣ "ገና እያወራን ነው።"

በፋሲካ ማግስት፣ መቃብር ዳር ማዕድ ተዘርግቶ፣
ታላቁ ወንድም ጽዋ አንስቶ "ለሄዱት" ሲል፣
ሁሉም ከብርጭቆው ዳቦው ላይ ጠብ ያደርጋል፤ የአገሩ ወግ ነው።
የኔ ሙት ሩቅ ነው፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሣር የዋጠው።
አደረግሁለት። አንድ። ሁለት። ሦስት።

እንካ፣ አባዬ፣ ቀስ እያልክ፤
ዕድሜህን ጨለጥከው፣ አንድ ቀን ሳትቀምስ።
ዳቦው እስኪመጥጠው ታገስ፣ እኔም እታገሳለሁ።

አራተኛዋን ጠብታ አልሰጠሁትም፤
የኔ ናት።